የጠዋት ቁጥር

ታኅሣሥ ነው፤ እንጅባራ ውርጩ እንደ ጨው ነጭቶ፣
ድንቹ በየጆንያው ከሸራ ሥር ተኝቶ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ቁልፌን ባዞር፣ ባዞር፣
አይሱዙዬ አቃሰተች፤ እምቢ አለኝ ሞተር።
ሞተሪኖው «እኽ... እኽ» እንደ ደረት ሕመም፣
ባትሪው እየከዳ፣ መብራቱም ሲደክም።

መቶ ሃያ ፈረስ ነው ጉልበቷ በወረቀት፤
አንዱም አልነቃልኝ ኮፋኖዋን ስከፍት።
ባጠገቤ ያለፈው ያ የአዊ ባላገር
አንድ ፈረስ አለው፤ እሱም አይሻ ነገር፤
እንፋሎት ተንፍሶ ካፍንጫው ሁለቴ፣
ሶምሶማውን ይዞ ጥሎኝ ሄደ ከፊቴ።

መኪናዋን የሸጠልኝ ጋሽ እንየው በጊዜው
አንድ ነበር ቃሉ፤ እኔም ሁሌ ይዤው፦
«ቀጭን ዘይት ውኃ ነው፤ ወፍራሙ ነው ጌታ፤
ሃያ ሃምሳ ቅዳ፣ ኩሽኔታው እንዳይንገላታ።»
ሰው ያመነውን ነገር መች ይለካል በሊትር?
ስምንት ዓመት ቀዳሁ ቁጥሩን ሳልመረምር።

ለብርዱ ዘዴ አለን፦ ቁልቁለት ፈልጎ ማደር፣
ድንጋይዋን ከጎማው አንሥቶ መንደርደር።
ካልሆነም አበጀ፣ ረዳቴ፣ ልጅ እግሩ፣
የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰብስቦ ከአጥሩ፣
በተቀደደ ጣሳ እሳቱን ለኩሶ
ከኮፓው ሥር ይሰዳል፣ ዓይኑ በጭስ አልቅሶ፤
ዘይቱ እስኪላላ፣ እንደ ቅቤ እስኪቀልጥ፣
እኔ ከላይ ስጸልይ፣ እሱ ታች ሲገላበጥ።

ያን ለት ነበልባሉ ከጣሳው ዘለለና
የልጁን ቅንድብ ላሰው። «ምንም አይደል» አለና
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ድንቹን እዚያው ትቼ
ትሁኔ ሱቅ ቆምሁኝ፣ በሩን አንኳኩቼ።

ትሁኔ የአባቷን ሱቅ ከወረሰች ወዲህ
ቀበቶና ፊልትሮ ደርድራ ከዚያ እስከዚህ፣
እጇ ግሪስ ቢሸትም ዓይኗ ፊደል ያያል፤
ጀሪካኑን አዙራ፦ «ይኼ ቁጥር ይታያል?
ከደብሊው በፊት ያለው የጠዋቱ ቁጥር ነው፤
ሲያንስ ነው ዘይቱ በብርድ ቶሎ የሚፈስሰው።
ከኋላዋ ያለው የቀትር ነው፣ የሙቀት፤
ሞተሩ ሲግል ጊዜ የሚቆምበት ጽናት።
አንተ ለቀትር ብለህ ጠዋትህን ገደልኸው፤
ዘይቱ እስኪደርስ እኮ፣ ብረት ብረቱን ነው የሚበላው።»

«ዓባይስ?» አልኋት እኔ፤ «ደጀንን አልፌ ስወርድ
እቶን ነው የሚቀበለኝ፤ እዚያ የለም ብርድ።
ይኼ ቀጭኑ ቀልጦ መንገድ ላይ ቢከዳኝ፣
ጎሐ ጽዮን አቀበት ማን መጥቶ ሊረዳኝ?»
ሳቀች፦ «አሥራ አምስት አርባ፤ ለሁለቱም አገር።
ሰው ነው እንጂ» አለችኝ፣ «በአንድ ጠባይ የሚቀር።»

ዋጋውን ስትነግረኝ ኪሴ ውስጥ ውርጭ ገባ፤
«ካለኝ ጋር ልደባልቀው፣ ግማሽ...» ብዬ ስባባ፣
«ጠላና ቅራሪ አንድ ጋን ይገባል?
አሮጌው ይፍሰስ! ቀሪው ድንቹ ሲሸጥ ይከፈላል።»

አበጀ ቡሎኑን ፈታ። ዝፍት የመሰለ ክር
ቀስ ብሎ ወረደ፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤
የሟቹን አነጋገር፣ ያንን እርጋታ ይመስል፣
ባልዲው አፍ ላይ ደርሶ ለመውረድ የማይቸኩል።
ጋሽ እንየው፣ ነፍስህን ይማር፤ መች ዋሸኸኝ አንተ?
መተማ ለኖረ ሰው ውርጭ መች ተገመተ?
እኔ ነኝ የቆላ ምክር ደጋ ላይ የቀዳሁት።

በማግሥቱ፣ ያው ሰዓት። ጨረቃ። ነጭ ሣር።
ሜዳ ላይ ነው ያቆምኋት፤ ድንጋይ የለም፣ ጠጠር።
ቁልፉን አዞርሁ። አንዴ ነጠቀች። ያዘች።
አላቃሰተች።
ቀይዋ የዘይት መብራት ዓይኗን ጨፈነች።

አበጀ ግን ለልማዱ ቀድሞኝ ተነሥቶ ኖሮ፣
ቅንድቡ ገና ያልበቀለ፣ ጋቢውን አሥሮ፣
ቅጠሉን በክንዱ አቅፎ፣ ጣሳዋን አንጠልጥሎ
ቆሟል፤ የሚያደርገው ጠፍቶት፣ «ተነሣች እንዴ?» ብሎ።
ወዲያ ከመንገዱ ዳር ጣሳዋን አኖራት፤
ለኮሰ። ለራሱ። እጆቹን ዘረጋባት።

ከጋቢናው ወርጄ እኔም አጠገቡ ቆምሁ፤
ሞተሩ ይሙቅ ብዬ (እንደዚያ ነው ያልሁት) ጥቂት ሞቅሁ።